ትናንት የመታ ጠመንጃ ዛሬ ለምን ይስታል?

ጥያቄው ከማንም ይምጣ ከማን ቃሉ ያው ነው፦ «መነጽሩ ዜሮውን ጣለ። ተበላሽቷል ማለት ነው?» ዜሮ የሚባለው መስቀለኛው መስመር የሚያነጣጥርበትና ጥይቱ የሚያርፍበት ነጥብ የሚገጥሙበት ማስተካከያ ነው። ባለፈው ወር ከ100 ሜትር ላይ ሦስት ጥይት ጎን ለጎን ያሳረፈ ጠመንጃ ዛሬ አንድ ስንዝር ወደ ቀኝ ይመታል። ማንም አልጣለውም፣ ማንም አልነካውም፣ ተኳሹም ያው ሰው ነው። መልሱ ግን እንደ መላሹ ይለያያል። መነጽር ሻጩ የተሻለ መነጽር ግዛ ይላል። ጠመንጃ ጠጋኙ የሰደፉን እንጨት ይጠረጥራል። የውድድር ተኳሹ «ብሎኑን አይተኸዋል?» ይላል። ቁጥር የሚወድ ሰው ካጋጠመ ደግሞ ከሁሉ በፊት «ለመሆኑ በእርግጥ ስቷል?» ብሎ ይጠይቃል። አራቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። እኔ ግን የመጨረሻው ሰውዬ ጥያቄ መጀመሪያ፣ የሻጩ ምክር ደግሞ መጨረሻ ሊመጣ ይገባል ባይ ነኝ። ብዙ ገንዘብና ብዙ ጥይት የሚባክነው ይህ ቅደም ተከተል ስለሚገለበጥ ነው።

ነገሩ ለምን እንዲህ ስስ እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ስሌት ይበቃል። መነጽሩ በሁለት ቀለበት ተይዞ በጠመንጃው ጀርባ ላይ ይቀመጣል። በቀለበቶቹ መካከል 10 ሴንቲ ሜትር አለ እንበል። አንደኛው ቀለበት በ0.1 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በአንድ ፀጉር ውፍረት ያህል ወደ ጎን ቢንሸራተት መነጽሩ የሚያይበት መስመር ከሺህ አንድ እጅ ይዞራል። በ100 ሜትር ርቀት ላይ ይህ 10 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በ300 ሜትር 30 ይሆናል። ዓይን የማያየው፣ ጣትም የማይዳስሰው እንቅስቃሴ ዒላማው ላይ ሲደርስ ከአንድ ስንዝር ሊበልጥ ይችላል። ተኳሾች ይህን መጠን «ሚል» ይሉታል፤ አንድ ሚል በ100 ሜትር 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ሌላው መለኪያ የቅስት ደቂቃ ሲሆን በዚያው ርቀት 2.9 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። የመነጽሩ ማዞሪያ አንድ ጊዜ «ጠቅ» ሲል መስቀለኛው መስመር በአብዛኛው በ0.1 ሚል ወይም በሩብ ደቂቃ ይንቀሳቀሳል፤ በ100 ሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ወይም 7 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው።

ጠመንጃው የሳተ ሲመስል የአብዛኛው ሰው እጅ የሚሄደው ወደዚሁ ማዞሪያ ነው። ሁለት ጥይት ወደ ቀኝ ሲሄድ አሥር ጠቅታ ወደ ግራ ያዞራል። ሦስተኛው ወደ ግራ አልፎ ሲሄድ መልሶ ያዞራል። ግማሽ ካርቶን ጥይት ካለቀ በኋላ ማዞሪያው መጀመሪያ የት እንደነበረ የሚያውቅ የለም፤ ችግሩም እንዳለ ነው። ማዞሪያው ማስረጃ ነው። ከመነካቱ በፊት ምልክቱ የት ላይ እንደቆመ መታየትና መጻፍ አለበት። ክዳን የሌለው ማዞሪያ ከሻንጣው ጋር ተፋትጎ ወይም በልጅ እጅ ተነካክቶ በራሱ የዞረበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። አንድ ሙሉ ዙር ዞሮ ምልክቱ እንደገና ዜሮ ላይ የተገኘበትም አለ፤ ይህን ጊዜ ባለቤቱ «አልተነካም» ብሎ ይምላል። ስለዚህ መጀመሪያ ጠመንጃውን ማራገፍ፣ ጥይት ቤቱ ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ማረጋገጥ፣ ከዚያ የማዞሪያውን ምልክት መመዝገብ ነው። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ማንበብ ይመጣል።

ወረቀቱ የሚናገረው

የዒላማው ወረቀት ከማንኛውም ባለሙያ በፊት ይናገራል፤ ችግሩ የሚሰማው ጥቂት መሆኑ ነው። ጥይቶቹ እንደ ወትሮው ተጠጋግተው፣ ግን በሙሉ ወደ አንድ ወገን ሄደው ከተገኙ አንድ ነገር አንድ ጊዜ ተንቀሳቅሶ በአዲሱ ቦታው ጸንቷል። ምት ያገኘው መነጽር፣ የዞረ ማዞሪያ፣ የተቀየረ ጥይት እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ጥይቶቹ በሁለት የተለያዩ ጥብቅ ስብስቦች ከተከፈሉ፣ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ፣ በሁለት ቦታ መካከል የሚመላለስ ነገር አለ፤ የላላ መቀመጫ፣ በሰደፉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ የብረት አካል፣ ወይም መነጽሩ ውስጥ አልረጋ ያለ ቱቦ። ይህ ዓይነቱ በጣም የሚያታልል ነው፤ ሦስት ጥይት ብቻ የተኮሰ ሰው ሦስቱም አንድ ወገን ላይ ከወደቁለት «ተስተካከለ» ብሎ ይሄዳል። ጥይቶቹ በርሜሉ እየሞቀ ሲሄድ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን የሚራመዱ ከሆነ መነጽሩን ተወት አድርጎ በርሜሉንና እንጨቱን ማየት ይሻላል። ያለ ምንም ሥርዓት የተበተኑ ከሆነ ደግሞ ከላላ ብሎን እስከ ተጎዳ አፈሙዝ፣ እስከ ደከመ ተኳሽ ድረስ ሁሉም ይጠረጠራል።

እዚህ ላይ ነው ቁጥር ወዳዱ ሰው የሚገባው። አንድ የአደን ጠመንጃ በ100 ሜትር አሥር ጥይት ሲተኮስበት 6 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ስብስብ ይሠራል እንበል፤ ለአደን በቂ የሆነ፣ የማያሳፍር ጠመንጃ ነው። በዚህ ጠመንጃ ዛሬ ሦስት፣ ነገ ሦስት ጥይት ቢተኮስ የሁለቱ ስብስቦች መሃል ነጥቦች ምንም ሳይበላሽ በ1 ወይም በ2 ሴንቲ ሜትር ሊራራቁ ይችላሉ። የዕድል መዋዠቅ እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም። ስለዚህ በሦስት ጥይት አይቶ አንድ ጠቅታ ማዞር ዕድልን ለማረም መሞከር ነው፤ በሚቀጥለው ቀን ዕድሉ ሲገለበጥ «ዜሮው ሸሸ» ይባላል። አሥር ጥይት በአንድ ወረቀት ላይ ተኩሶ መሃሉን መውሰድ ይህን ስሕተት በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ጥይት ውድ ነው የሚለው ክርክር አይገባኝም፤ በየወሩ ሦስት ሦስት እየተኮሱ ማዞሪያ ሲያሽከረክሩ የሚያልቀው ይበልጣል። ጠመንጃ አንድ ስንዝር ከሳተ ግን ይህ ሁሉ ስሌት አያስፈልግም። አንድ ስንዝር የዕድል ነገር ስላልሆነ ቀጥታ ወደ ብሎኑ መሄድ ነው።

ብሎን

የልምድ ሰዎች ሁሉ የሚስማሙበት አንድ ነጥብ ቢኖር ይኸው ነው፤ ዜሮውን ጣለ ከተባለው መነጽር ብዙው ጤነኛ ነው፤ የታመመው ከሥሩ ያለው ማሰሪያ ነው። ማሰሪያው በሦስት ደረጃ የተሠራ ነው። መቀመጫው ወይም ሐዲዱ ከጠመንጃው ብረት ጋር በትንንሽ ብሎኖች ይታሰራል፤ ቀለበቶቹ ከሐዲዱ ጋር፣ የቀለበቶቹ ክዳን ደግሞ ከመነጽሩ ጋር። ሰው ብሎን አየሁ ሲል በአብዛኛው ያየው ከላይ የሚታየውን ክዳን ነው። ችግሩ ደግሞ በብዛት የሚደበቀው ከታች፣ መነጽሩ ካልወረደ በማይታየው የመቀመጫ ብሎን ላይ ነው።

ስለዚህ መነጽሩን ማውረድ የግድ ነው። ሲወርድ አብሮ የሚታይ ነገር አለ፤ የፊተኛው የመቀመጫ ብሎን ከሚገባው በላይ ረዝሞ ጫፉ በርሜሉን ወይም የመዝጊያውን ብረት ነክቶ ይሆናል። እንዲህ ያለው ብሎን ሲጠብቅ እጅን ያታልላል። ጠብቆ የቆመ ይመስላል፤ በእርግጥ የቆመው ግን ጫፉ ከብረት ጋር ተጋጭቶ ነው፤ መቀመጫውን አልያዘም። አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር መሞረድ ይፈውሰዋል።

ሌላው የማይታየው ጠላት ዘይት ነው። አዲስ ጠመንጃ ከፋብሪካ ሲመጣ የብሎን ቀዳዳው ውስጥ የዝገት መከላከያ ዘይት አለ። ዘይቱ ሳይጠረግ የታሰረ ብሎን ከጥቂት ደርዘን ተኩስ በኋላ መላላቱ አያስደንቅም። በአልኮል ወይም በአሴቶን ጠርጎ፣ የሚፈታውን ዓይነት ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ በመቀመጫው ብሎኖች ላይ ጠብ አድርጎ ማሰር የተለመደ መፍትሔ ነው። በቀለበቱ ክዳን ላይ ማጣበቂያ ይደረግ አይደረግ የሚለው ክርክር ገና አላለቀም። ማጣበቂያው እርጥብ እያለ ብሎኑን ስለሚያንሸራትት፣ በደረቅ ብሎን የተሰጠው የጥብቀት ልክ ከመጠን በላይ ይሆናል የሚሉት ወገኖች ሚዛን የሚደፋ ምክንያት ይዘዋል።

የጥብቀት ልክ በግምት የሚሠራ ነገር አይደለም። የቀለበት ክዳን ብሎኖች በብዛት ከ1.7 እስከ 2 ኒውተን ሜትር ይፈልጋሉ፤ ቀለበቱን ከሐዲዱ የሚያስረው ትልቁ ብሎን በአንዳንድ ሥሪት እስከ 7 ይደርሳል። የእጅ ጉልበት ይህን አይለይም። ጠንካራ እጅ ያለው ሰው ክዳኑን አጥብቆ የመነጽሩን ቱቦ ይጨፈልቃል፤ ቱቦው ከአሉሚኒየም የተሠራና ስስ በመሆኑ ሲጨፈለቅ ውስጡ ያለው ተንቀሳቃሽ ቱቦ ይጣበቃል። ያኔ ማዞሪያው ይዞራል፣ መስቀለኛው አይከተልም፤ ጥቂት ጥይት ሲተኮስ ርግጫው ይገፋውና በድንገት ይዘላል። ባለቤቱ ይህን «መነጽሩ ተበላሸ» ይለዋል፤ ያበላሸው እጁ ነው። ልክ የሚለካ ትንሽ የብሎን መፍቻ በአሜሪካም በአውሮፓም ከአንድ ሁለት ካርቶን ጥይት ዋጋ ብዙም በማይበልጥ ይገኛል። አንድ መሣሪያ ብቻ ግዛ ብባል እሱን እገዛ ነበር።

ሐዲዱ ራሱ ጥርስ አለው። ዛሬ በሰፊው የተለመደውን ሐዲድ የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1995 ደረጃ አውጥቶለታል። ጥርሶቹ የተሠሩት የቀለበቱ አግዳሚ ብረት እንዲጋጭባቸው ነው። ጠመንጃው ሲተኮስ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ መነጽሩ ከባድ ስለሆነ በቦታው መቆየት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከጠመንጃው አንጻር ወደ ፊት ይገፋል። ቀለበቱ ሲታሰር ወደ ፊት ተገፍቶ ከጥርሱ ጋር ካልተጋጠመ የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ይህን ክፍተት ይሞሉታል፤ ዜሮውም አብሮ ይሄዳል። ሲታሰር ወደ ፊት ገፋ ማድረግ፣ ከታሰረ በኋላ ደግሞ በብሎኑና በቀለበቱ ላይ የሚያልፍ አንድ ቀጭን የቀለም መስመር ማስመር ነው። መስመሩ ከተሰበረ የተንቀሳቀሰው የቱ እንደሆነ ያለ ክርክር ይታወቃል። በአየር ግፊት የሚሠሩ ባለ ስፕሪንግ ጠመንጃዎች ደግሞ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ስለሚራገጡ፣ ትልቅ የአደን ጠመንጃ ያልሰበረውን መነጽር ይሰብራሉ። ደካማ መስሎ ታይቷቸው ርካሽ መነጽር የሚያስሩበት ሰዎች ብዙ ጊዜ ይከፍላሉ።

እንጨቱ፣ በርሜሉ፣ ጥይቱ

ብሎኑ ጤነኛ ከሆነ ቀጥሎ ያለው ሰደፉ ነው፤ ለዚህ ከቬትናም ጦርነት የተሻለ ምስክር የለም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እግረኛ ጦር እ.ኤ.አ. በ1966 ኤም 40 የተባለ የአነጣጣሪ ተኳሽ ጠመንጃ ተቀበለ፤ የሬሚንግተን 700 ብረት፣ የሬድፊልድ መነጽር፣ ከዋልነት እንጨት የተሠራ ሰደፍ። ጠመንጃው በአገሩ አስተማማኝ ነበር። የቬትናም እርጥበት ሲያገኘው ግን እንጨቱ አበጠ፣ ተጣመመ፣ በርሜሉንም መግፋት ጀመረ። ጠዋት ዜሮ የተደረገ ጠመንጃ ሌላ ቀን ሌላ ቦታ ይመታ ነበር። ጦሩ ከዚህ ተምሮ በ1970ዎቹ ባወጣው ኤም 40ኤ1 ላይ እንጨቱን በፋይበር ግላስ ተካው። ዛሬ በዘመናዊ ፕላስቲክ ሰደፍ የሚተኩስ ሰው ይህ የሩቅ ታሪክ ሊመስለው ይችላል፤ ስስ ፕላስቲክም ግን በባለ ሁለት እግር መደገፊያው ላይ ሲደገፉበት ይጎብጣል፣ በርሜሉንም ይነካል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የገንዘብ ኖት በርሜሉና ሰደፉ መካከል አስገብቶ እስከ ብረቱ አካል ድረስ መሳብ፤ ክብደት ሲጫንበትም መድገም። በርሜሉ ከሰደፉ ነፃ ሆኖ እንዲቆም በተሠራ ጠመንጃ ላይ ኖቱ መያዝ የለበትም። ብረቱን ከሰደፉ የሚያስሩት ሁለቱ ትልልቅ ብሎኖችም ይላላሉ፤ እንጨት ሲደርቅ ስለሚኮማተር በደረቅ ወቅት በተለይ ይላላሉ። ለእነዚህ ከ5 እስከ 7 ኒውተን ሜትር የሚጠጋ ልክ የተለመደ ሲሆን፣ እንጨት ዝቅተኛውን፣ ውስጡ አሉሚኒየም ያለው ሰደፍ ከፍተኛውን ይወስዳል።

በርሜልና ጥይት ሲወነጃጀሉ ነገሩ ምን ያህል ሊወሳሰብ እንደሚችል ጀርመን አሳይታለች። የጀርመን ጦር ጂ36 የተባለው መደበኛ ጠመንጃ ሲሞቅ የሚመታበት ቦታ ይለወጣል የሚል ቅሬታ ተነሣ። መጀመሪያ የተወቀሰው ጥይቱ ነበር። ምርመራው ሲቀጥል ጣት ወደ ጠመንጃው ዞረ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የመከላከያ ሚኒስትሯ ኡርዙላ ፎን ደር ላየን ጠመንጃው በያዘው ቅርጽ በጦሩ ውስጥ የወደፊት ዕጣ እንደሌለው አስታወቁ። አምራቹ ሄክለር ኡንድ ኮኽ ተከራከረ፤ በ2016 የኮብሌንዝ ፍርድ ቤት ጠመንጃው በውሉ የተጠየቀውን ያሟላል ብሎ ለአምራቹ ፈረደ። ላቦራቶሪ፣ መሐንዲስና ዳኛ ያለው መንግሥት በዚህ ጥያቄ ዓመታት ከፈጀ፣ አንድ አዳኝ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ቀይሮ መልስ እንደማያገኝ ግልጽ ነው። መቀየር ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተኩሶ ማየት፤ ከዚያ ሌላው።

ጥይት በተለይ ይናቃል። የካርቶኑ ቀለም አንድ ነው ማለት ጥይቱ አንድ ነው ማለት አይደለም። የሌላ ፋብሪካ ወይም የሌላ ክብደት እርሳስ ሲሆን በ100 ሜትር ላይ ብዙ ሴንቲ ሜትር ሊርቅ ይችላል፤ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም። ያው ፋብሪካ በሌላ ጊዜ ያመረተው እንኳ ጥቂት ይለያል። አፈሙዙ ላይ የተጠመደ ድምፅ ማፈኛ ወይም ርግጫ ማብረጃ ካለ እሱም መላላት ይችላል። አዲስ የተጠረገ በርሜል፣ ዘይት የቀረበት በርሜል፣ ገና ያልሞቀ በርሜል የመጀመሪያዋን ጥይት ወደ ሌላ ቦታ ይልካሉ። አንድ ጥይት ብቻ የሚተኩስ አዳኝ ማወቅ ያለበት ይህችን የመጀመሪያዋን ነው፤ የዒላማ ሜዳው አምስተኛ ጥይት ለእሱ ምንም አይነግረውም።

መነጽሩ ራሱ

ምንሽርና ዲሞትፈር ይዘው የኖሩ አባቶች ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረባቸውም፤ ማነጣጠሪያቸው በርሜሉ ላይ የተተከለ ብረት ነበር። መነጽር ሲመጣ ብርጭቆ፣ ስፕሪንግና ክር አብሮ መጣ። በመጀመሪያዎቹ የውድድር መነጽሮች ማስተካከያው ከውጭ፣ ከማሰሪያው ላይ ነበር። የኡነርትል መነጽር የያዘ ተኳሽ ቱቦው በተኩሱ ወደ ፊት ሲንሸራተት በእጁ ይመልሰው ነበር። አስቸጋሪ ነው፤ ግን ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1930 አሜሪካዊው መነጽር ሠሪ ዊልያም ዊቨር ሞዴል 330 የተባለውን መነጽር አውጥቶ መነጽርን ተራ አዳኝ የሚገዛው ዕቃ አደረገው። በ1947 ደግሞ ሊዮፖልድ የተባለው ኩባንያ በናይትሮጅን የተሞላና የታሸገ መነጽር ሠርቶ ሌንሱን ከውስጥ የሚያለብሰውን የጉም ችግር አቃለለ። ዛሬ ማስተካከያው ወደ ውስጥ ገብቷል። ከውጭ በምናየው ቱቦ ውስጥ ሌላ ቀጭን ቱቦ አለ፤ ማዞሪያዎቹ ከላይና ከጎን ይገፉታል፣ ከተቃራኒው ወገን አንድ ስፕሪንግ ይመልሰዋል። ዜሮው በዚህ ስፕሪንግ ላይ ያረፈ ነው።

ስፕሪንጉ ሲደክም ወይም ሲሰበር፣ ቱቦው ሲጣበቅ፣ የሌንሱ ማሰሪያ ሲላላ መነጽሩ በእርግጥ ጥፋተኛ ነው። መስቀለኛውን እስከ መጨረሻው ጥግ አዙሮ የሚጠቀም ሰውም ስፕሪንጉን በጣም ደካማ በሆነበት ቦታ እያሠራው ነው። ለሩቅ ርቀት የሚተኩሱ ሰዎች ወደ ፊት ያዘነበለ ሐዲድ የሚገዙት አንዱም ለዚህ ነው። በወጉ ካየነው የመነጽርን ክህደት በጥንቃቄ ያጠኑት የጠረጴዛ ላይ ትክክለኝነት ተወዳዳሪዎች ናቸው። ሁለት መነጽር በአንድ ጠመንጃ ላይ ጎን ለጎን አስረው፣ ሁለቱን መስቀለኛ በአንድ ነጥብ ላይ አገናኝተው ይተኩሳሉ፤ ከተኩሱ በኋላ ከተለያዩ አንዱ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። በዚህ ዘዴ ውድ መነጽሮችም ሲንቀሳቀሱ ተይዘዋል። አንዳንዶቹ ተስፋ ቆርጠው የውስጡን ቱቦ በሙጫ አድርቀው ማስተካከያውን እንደ ጥንቱ ወደ ውጭ መልሰዋል። «ውድ ከሆነ አይስትም» ለሚለው ሻጭ ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል።

ትልቅ ስም ያለው ማነጣጠሪያ በሙቀት ብቻ ሊስት እንደሚችል ደግሞ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ደርሶ ታይቷል። ኢኦቴክ የተባለው አምራች ለጦሩና ለፖሊስ ያቀረበው የሆሎግራም ማነጣጠሪያ በብርድና በሙቀት ይሠራል ተብሎ ቢሸጥም፣ የአየሩ ሙቀት ሲለዋወጥ የማነጣጠሪያ ነጥቡ ይሸሽ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 ከመንግሥት ጋር ተስማምቶ 25.6 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተገደደ። ማነጣጠሪያው አጉሊ መነጽር ባይሆንም ትምህርቱ ለሁለቱም ያገለግላል። ሞቃት መኪና ውስጥ የዋለ መሣሪያ በቀዝቃዛ ጠዋት ከሳተ ሁለቱንም ሁኔታ በወረቀት ላይ አወዳድሮ ማየት ይገባል።

መነጽሩን ያለ ጥይት መፈተን ይቻላል። ጠመንጃውን በማይነቃነቅ መያዣ አስሮ በ100 ሜትር ላይ በሴንቲ ሜትር የተሰመረ ሰሌዳ ማቆም፣ ማዞሪያውን 50 ጠቅታ ወደ ላይ ወስዶ መስቀለኛው በልኩ መሄዱን ማየት፣ መልሶ ማምጣት። ካልተመለሰ ፍርዱ ግልጽ ነው። የማጉሊያውን ቀለበት ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ማዞርና መስቀለኛው ሰሌዳው ላይ ይዋልል እንደሆነ መመልከትም ሌላ ፈተና ነው። አፈሙዝ ላይ የሚሰካ ባለ መስመር መመልከቻ ያለው ሰው ደግሞ ጠመንጃው ጤነኛ በሆነበት ቀን መስቀለኛው በየትኛው መስመር ላይ እንደሚያርፍ ጽፎ ቢያስቀምጥ፣ ከወራት በኋላ አንድ ጥይት ሳያባክን ልዩነቱን ያያል። እኔን የሚገርመኝ ይህን ዕቃ የገዛ ሰው ሁሉ ለመጀመሪያ ማስተካከያ ተጠቅሞበት መሳቢያ ውስጥ መጣሉ ነው፤ ትልቁ ጥቅሙ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

የዓይን አቀማመጥ ብዙ ይወቀሳል፤ ከሚገባው በላይ። ዓይን ከመሃል ሲሸሽ መስቀለኛው በዒላማው ላይ የሚንሸራተት የሚመስለው እውነት ነው። ለ100 ሜትር የተስተካከለ 40 ሚሊ ሜትር የፊት ሌንስ ያለው መነጽር ግን በ200 ሜትር ላይ ከዚህ የሚያመጣው ስሕተት ቢበዛ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ነው። ጠመንጃውን 5 ዲግሪ አጋድሞ መያዝ በ100 ሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስታል። ስንዝር የሳተ ሰው ጉንጩን አይውቀስ።

መንገድ የራሱ ምዕራፍ አለው። በባሌና በአርሲ ተራሮች ላይ በፈቃድ የደጋ አጋዘን የሚያድኑ የውጭ አገር አዳኞች ጠመንጃቸውን በአውሮፕላን ጭነው፣ ቀጥሎ በመኪና፣ ቀጥሎ በፈረስ ወይም በእግር ይወጣሉ። እንዲህ ባለ ጉዞ የደረሰ ጠመንጃ ካምፕ ላይ ወረቀት ላይ ሳይተኮስ ወደ አደን አይወጣም፤ በአፍሪካ የአደን ካምፖች ሁሉ የተለመደ ሥርዓት ነው። እዚያ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ቀጭን አየር ላይ የጥይት አካሄድ መለወጡን የሚያነሡ አሉ። በ100 ሜትር ለውጡ ከቁጥር አይገባም፤ ከ400 ሜትር ወዲያ ግን ጥይቱ ከተጠበቀው ከፍ ብሎ ይመታል። ስለዚህ ካምፕ ላይ በ100 ሜትር የሳተ ጠመንጃ ከፍታውን ሰበብ ማድረግ አይችልም፤ ሻንጣ የጫነውን ሰው ቢጠይቅ ይሻላል። በአሜሪካ በኅዳር ወር አጋዘን አደን የሚወጣ አንባቢም ያው ነው። አውሮፕላን ላይ የሚጫን ጠመንጃ ተራግፎ፣ በተቆለፈ ጠንካራ ሳጥን ውስጥ ሆኖ፣ ለአየር መንገዱ ተነግሮ መጫን አለበት። ሳጥኑ ሲወረወር ግን የሚያይለት የለም። መነጽሩ በሳጥኑ ውስጥ ከምንም ነገር ጋር እንዳይነካካ አድርጎ ስፖንጁን መቁረጥ፣ ሲደርሱም በቀለም የተሰመረውን ምልክት ማየት ግዴታ ነው።

ብሎኑ ታይቶ፣ ሰደፉ ተፈትኖ፣ የታወቀው ጥይት በአሸዋ ከረጢት ላይ ተተኩሶ፣ ሌላ ሰውም ሞክሮ አሁንም የሚስት ከሆነ የቀረው አንድ ፈተና ነው። ከሌላ ጠመንጃ ላይ ጤናው የታወቀ መነጽር አውርዶ በዚህኛው ላይ ማሰር፣ አሥር ጥይትም መተኮስ። አዲሱም ከሳተ ጠመንጃው ወደ ጠጋኝ ይሂድ፤ መነጽሩ ነፃ ነው። አዲሱ ከያዘ ደግሞ የቀድሞው መነጽር ጥፋተኛ ነው። ያኔ ፈትተው ለመጠገን አይሞክሩ፤ ናይትሮጅኑ ይወጣል፣ ዋስትናውም ይቀራል። ብዙዎቹ ታዋቂ አምራቾች የራሳቸውን መነጽር ይጠግናሉ ወይም ይቀይራሉ። ሲልኩት የሁለቱን መነጽሮች የዒላማ ወረቀት፣ የርቀቱንና የጥይቱን ዓይነት ጽፈው አብረው ይላኩ። መነጽሩ እስኪመለስ ድረስ ደግሞ ዜሮው በወረቀት ላይ ባልተረጋገጠ ጠመንጃ እንስሳ ላይ አይተኩሱ።